አሳማኝ ንግግርን በጥንታዊው የሥነ ንግግር ሂስ እንዴት እንመርምር? የወረኢሉ ክተት እንደ ማሳያ

አንድ ንግግር ሰምቶ «ደኅና ተናገረ» ወይም «አልጣመኝም» ማለት ማንንም አያስቸግርም። የሥነ ንግግር ሂስ የሚጀምረው ከዚህ ፍርድ አልፈን፣ ተናጋሪው በዚያ ሰዓትና በእነዚያ አድማጮች ፊት ምን ምን ሊል ይችል እንደ ነበር፣ ከዚያም ውስጥ የትኛውን እንደ መረጠና የትኛውን እንደ ተወ፣ ምርጫውም ለያዘው ጉዳይ የበቃ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ስንይዝ ነው። አርስቶትል ሥነ ንግግርን በየጉዳዩ ለማሳመን የሚያገለግሉትን መንገዶች አጥርቶ የማየት ችሎታ ነው ብሎ በይኖታል። ይህን ብያኔ በልቡ የያዘ ተማሪ የቀረውን ዘዴ ለመልመድ አይቸገርም፤ ብያኔውን ሳይዝ ኢቶስ (የተናጋሪው ተአማኒነት)፣ ፓቶስ (የአድማጩ ስሜት)፣ ሎጎስ (ሙግቱ) የሚሉትን ስሞች ብቻ ያጠና ተማሪ ግን ዐረፍተ ነገሮችን በሦስት ሣጥን ከመደልደል አያልፍም።

ለማሳያ የመረጥሁት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መባቻ ያስነገሩትን የክተት አዋጅ ነው። አዋጁ አጭር ነው፤ ብዙ አንባቢም በቃሉ ያውቀዋል። ደግሞም ለወሎ ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከኢጣሊያ ጋር ለተነሣው ጠብ መነሻ የሆነው ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው አምባሰል ውጫሌ ላይ ሲሆን፣ አዋጁ ለሸዋው ሠራዊት መሰብሰቢያ አድርጎ የቀጠረው ወረኢሉን ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉትን ንግግር አልፎ አልፎ እንጠራለን።

ጽሑፉንና ሰዓቱን ማጥራት

የመጀመሪያው ሥራ በእጅ ያለው ጽሑፍ በእርግጥ የተነገረው ንግግር መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የክተት አዋጁ በተለያዩ መጻሕፍት ሲታተም መጠነኛ የቃላት ልዩነት ይታይበታል፤ ስለዚህ ተንታኙ የትኛውን ቅጂ እንደ ተከተለ በመግቢያው መግለጽ፣ ትንታኔውንም በአንድ አጠራጣሪ ቃል ላይ ብቻ ከማቆም መጠንቀቅ ይገባዋል። የጄኔቭ ንግግር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩት በአማርኛ ሲሆን አብዛኞቹ መልእክተኞች የተረዱት በትርጉም ነው። ስለዚህ አድማጩ ላይ የሠራው የትኛው ቋንቋ እንደ ሆነ ሳይለዩ ስለ ቃል አመራረጡ መጻፍ አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁኔታውን መልሶ ማቆም ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች በችኮላ የሚያልፉት፣ እኔ ግን ከጠቅላላው የትንታኔ ጊዜ ሲሶው ሊሰጠው ይገባል የምለው ሥራ ይህ ነው። አዋጁ «ያገሬን ከብት ማለቅ፣ የሰውንም መድከም አይቼ እስካሁን ብታገሠውም» ይላል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ የቆየውን፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን እያለ የሚያስታውሰውን ዘመን የማያውቅ አንባቢ ይህን ሐረግ እንደ ማሟያ ቆጥሮ ያልፈዋል። አድማጩ ግን በከብት ዕልቂቱ በሬው ሞቶበት ማሳው ጦም ያደረ፣ ከረሃቡ ያገገመው ገና በቅርቡ የሆነ ገበሬ ነበር፤ ዘመቻ ደግሞ ስንቅ፣ አጋሰስና ጉልበት ይጠይቃል። «አቅም የለንም» የሚለው መልስ በእያንዳንዱ ቤት ዝግጁ ነበርና አዋጁ አድማጩ ሳይናገረው አስቀድሞ አነሣው፤ ንጉሡ ዝም ያሉት ስለ እናንተ ድካም ነው፣ አሁን ግን ጠላት ድካማችሁን አልጠበቀም እንደ ማለት ነው።

አዋጁ የደረሰበትን መንገድም መመዝገብ ያሻል። በዘመኑ ልማድ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሕዝብ በሚበዛበት አደባባይና ገበያ፣ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ነው። አብዛኛው አድማጭ ማንበብ አይችልም፤ የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ የሰማውንም ገበያ ላልወጣ ጎረቤቱ በቃሉ ይነግራል። የዐረፍተ ነገሮቹ ማጠርና የቃላቱ ግልጽነት የሚፈረደው ከዚህ አንጻር እንጂ ዛሬ በወረቀት ላይ ከሚያነበው ሰው ምቾት አንጻር አይደለም።

አድማጩ አንድ ወጥ ነው ብሎ መነሣትም ያሳስታል። ቅጥሩ ወረኢሉ ላይ መሆኑን ስናስብ፣ በዙሪያው ያለው የወሎ ሙስሊም ሕዝብ «ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት» የሚለውን ሲሰማ ምን ተሰማው ብለን መጠየቃችን አይቀርም። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ሃይማኖት የማስለወጥ ጫና ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ትዝታ ነበር፤ የወሎን ጦር እየመሩ ዓድዋ የዘመቱት ራስ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። አዋጁ «ለሃይማኖትህ ስትል» ማለቱ እያንዳንዱ አድማጭ የየራሱን ሃይማኖት እንዲያስብ በር ይከፍታል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በማርያም ስም የገባው መሐላ ደግሞ ያንኑ በር መልሶ ያጠብበዋል ማለትም ይቻላል። ተንታኙ ከሁለቱ ወደ አንዱ ማድላት መብቱ ነው፤ ጥያቄውን ሳያነሣው ማለፍ ግን አይፈቀድለትም።

ዓይነቱን መለየት

አርስቶትል ንግግርን ሦስት ዓይነት አድርጎ ይከፍላል። የምክር ንግግር ስለ ወደፊቱ የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን፣ የሸንጎ ንግግር ስላለፈው ድርጊት ፍትሕንና በደልን፣ የውዳሴ ንግግር ደግሞ በአሁኑ ሰዓት የሚመሰገነውንና የሚነቀፈውን ይመለከታል። የክተት አዋጁ የምክር ንግግር ነው። የጄኔቩ በግማሹ ክስ፣ በግማሹ ምክር ነው፤ የተፈጸመውን ወረራና የመርዝ ጋዝ ጥቃት ዘርዝሮ ይከስሳል፣ ቀጥሎ ማኅበሩ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ይጠይቃል። ዓይነቱን መለየት የሚጠቅመው መመዘኛውን ስለሚወስን ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

የማሳመኛ መንገዶቹ

ኢቶስ የተናጋሪው ተአማኒነት ነው። አርስቶትል ተናጋሪ የሚታመነው ማስተዋል፣ በጎ ምግባርና ለአድማጩ ያለው በጎ ፈቃድ ሲታይበት ነው ይላል፤ ተንታኙም «ኢቶስ አለው» ብሎ በደፈናው ከመጻፍ ይልቅ ሦስቱን ለየብቻ ቢፈልግ ይጠቀማል። በአዋጁ ውስጥ ማስተዋሉ ከላይ ባየነው ትዕግሥት ይገለጣል፤ ንጉሡ ለጦርነት የቸኮሉ ሰው አይደሉም። ምግባሩን «ሞት የሁሉም ነውና ስለ እኔ ሞት አላዝንም» የሚለው ይሸከማል፤ ተናጋሪው ለራሱ የሚሰስተው ነገር ከሌለው አድማጩ የግል ጥቅም ሊጠረጥርበት ያዳግተዋል። በጎ ፈቃዱ ደግሞ «ያገሬ ሰው፣ ከአሁን ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» በሚለው ነው። እዚህ ላይ ዐይን ሊያርፍበት የሚገባ ነገር አለ። ንጉሥ «አልበደልሁህም» ብሎ መቁረጥ ሲችል «አይመስለኝም» ብሏል፤ ተበድያለሁ ለሚል አድማጭ ትንሽ ቦታ ተወለት ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል እንደሚደረግ የዕርቅ ንግግር ሒሳቡን ከሁለቱም ወገን ዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄውን የሚያቀርበው።

ሎጎስ ሙግቱ ነው። አርስቶትል በንግግር ውስጥ ያለ ሙግት በአብዛኛው አንዱን መነሻ ሳይናገር ይተወዋል፣ አድማጩም ከራሱ እምነት ይሞላዋል ይላል፤ ይህን ዓይነቱን ሙግት ኤንቲሚም ይለዋል። የሚሠራበት መንገድ ይህ ነው፤ ሙግቱን በሦስት መስመር ጽፈው፣ ያልተነገረው መስመር የትኛው እንደ ሆነ ምልክት ያድርጉበት፣ ከዚያም ያን መስመር ከአድማጮቹ ውስጥ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። አዋጁ ጠላት «እግዚአብሔር የወሰነልንን የባሕር በር አልፎ መጥቷል» ይላል፤ ስለዚህም አገሬን አሳልፌ አልሰጥም ይላል። ያልተነገረው መስመር ድንበር ያለፈ ሰው ጠቡን የጀመረው እርሱ ነው፣ የሚመክተውም አጥቂ አይባልም የሚለው ነው። በእርሻ ድንበር ሳቢያ ተሟግቶ የሚያውቅ ገበሬ ይህን መስመር ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፤ ሙግቱ አጭር መሆኑ ድካም የማይሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላው ሙግት ካለፈው ወደ ወደፊቱ የሚሄድ ነው፤ እግዚአብሔር እስከ ዛሬ ጠላት አጥፍቶ አገር አስፍቶ አኖረኝ፣ አሳፍሮኝም አያውቅም፣ ከእንግዲህም ያሳፍረኛል ብዬ አልጠራጠርም። አርስቶትል ይህን በምሳሌ የሚደረግ ሙግት ይለዋል። በጥብቅ ከተመዘነ ደካማ ነው፤ ያለፈ ድል የሚመጣውን አያረጋግጥም። ሆኖም የአምላክ ረድኤት አይለወጥም ብሎ ለሚያምን አድማጭ ክፍተቱ አይታየውም። ተንታኙ ሁለቱንም ሊጽፍ ይገባል፤ ሙግቱ በራሱ ምን ያህል እንደሚቆም፣ በዚያ አድማጭ ዘንድም ምን ያህል እንደሚቆም።

ፓቶስ በአድማጩ ላይ የሚነሣው ስሜት ሲሆን፣ አርስቶትል ስለ እያንዳንዱ ስሜት ሦስት ጥያቄ ያነሣል፤ ሰው በምን ሁኔታ ላይ ሳለ ይሰማዋል? በማን ላይ? ስለ ምን? አዋጁ መጀመሪያ ፍርሃትን ይቀሰቅሳል፤ አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ ጠላት መጣ። ፍርሃት ብቻውን ግን ሰውን ቤቱ ሊያስቀምጠው ይችላል። ወዲያው የሚከተለው «እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር» የሚለው ነው። ጠላት በአንበሳ ወይም በነብር ተመስሎ ቢሆን ፍርሃቱ በጨመረ፣ ለጠላትም ክብር በተረፈው ነበር። ፍልፈል ግን የሚፈራ አውሬ አይደለም፤ ተደብቆ ከሥር እየሠራ ሰብል የሚያበላሽ፣ ገበሬ ባየው ጊዜ የሚበሳጭበትና የሚያባርረው ነው። በአንድ ምሳሌ ፍርሃቱ ወደ ንቀትና ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ የሰፊ ግዛት ጉዳይም የየሰዉ ማሳ ጉዳይ ሆነ። ከአዋጁ ሁሉ እጅግ የተዋጣለት ምርጫ ይህ ይመስለኛል።

አርስቶትል ከእነዚህ ሌላ ተናጋሪው የማይፈጥራቸው፣ ከውጭ ያገኛቸውን ብቻ የሚጠቀምባቸው ማስረጃዎችንም ይቆጥራል፤ ሕግ፣ ምስክር፣ ውል፣ በሥቃይ የተገኘ ቃልና መሐላ ናቸው። አዋጁ «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ፤ አልተውህም» ብሎ ዛቻውን በመሐላ ያትመዋል። ተንታኙ በዚህ ቦታ ንግግሩ ማሳመንን ትቶ ትእዛዝ መሆኑን በግልጽ ሊናገር ይገባዋል፤ ለንጉሡም ሆነ ለዓድዋ ያለን አክብሮት ይህን እንድንሸፍን ሊያደርገን አይገባም።

ከተባለው ይልቅ ያልተባለው ብዙ ያስተምራል። አዋጁ ስለ ውጫሌ ውል አንዲት ቃል አይናገርም። ጠቡ በመንግሥታት መካከል የተነሣው በዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ ሳቢያ ነው፤ ንጉሡም ጉዳዩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ሙግቱ በእጃቸው እያለ ለምን ተዉት? ውል በሸንጎ የሚያስረታ ማስረጃ ነው፤ ገበያ ለቆመ ገበሬ ግን የአንቀጽ ክርክር ስንቁን አስቋጥሮ ከቤቱ አያስወጣውም። ጄኔቭ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። አድማጮቹ ራሳቸው ቃል ኪዳን የፈረሙ መንግሥታት ነበሩና ንጉሠ ነገሥቱ ሙግታቸውን በዚያው ቃል ኪዳን ላይ አቆሙ፤ በመርዝ ጋዙ ጉዳይ ደግሞ ራሳቸውን ምስክር አድርገው አቀረቡ። ምስክርነታቸውም ከጦር ሜዳ የመጣ ሰው ምስክርነት ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ በከተማዋ ነበሩ፣ ማይጨው ላይም ሠራዊቱን ራሳቸው መርተዋል። አንዱ ውሉን ተወ፣ ሌላው ውሉን ያዘ፤ ሁለቱም በየአድማጫቸው ፊት ልክ ነበሩ።

አደረጃጀትና ቋንቋ

ሮማውያን፣ በተለይም ሲሴሮ፣ የንግግርን ሥራ በአምስት ይከፍሉታል፤ ሐሳብ ማግኘት፣ ማደራጀት፣ በቃል ማስጌጥ፣ በቃል መያዝና ማቅረብ። የመጀመሪያውን ከላይ አይተናል። በአደረጃጀት ረገድ አዋጁ ከእግዚአብሔር ይነሣል፣ የሆነውን ይተርካል፣ ውሳኔውን ይናገራል፣ ከሕዝቡ ጋር ያለውን ዝምድና ያድሳል፣ ይጠይቃል፣ ያስፈራራል፤ የሚያበቃውም በቀንና በቦታ ነው፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ ይገኝ። ያማረ መዝጊያ የለውም። ስሜቱ በተነሣበት ቅጽበት አድማጩ የሚይዘው አንድ ቀጠሮ ብቻ ነው፤ ለክተት ከዚህ የተሻለ መዝጊያ አላውቅም።

በቋንቋው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አዋጁ ብዙ ሺህ ሕዝብን «አንተ» እያለ እንደ አንድ ሰው ያናግራል፤ «እናንተ» ቢል ኖሮ እያንዳንዱ በብዙኃኑ ውስጥ መደበቂያ ባገኘ ነበር። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ብሎ ወዲያው ወደ «ጉልበት የሌለህ» መዞሩ ደግሞ ትይዩ አነጋገር ሲሆን፣ ለጆሮ ከመጣፈጡ በላይ ከጥሪው ውጭ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ያደርጋል። የዋድላን ቅኔ ቤት ባፈራ አገር ያደገ ተማሪ ሰምና ወርቅ መፈለግ ይቀናዋል፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ለአንድ ጊዜ መስማት በተዘጋጀ አዋጅ ውስጥ የተሸሸገ ወርቅ መቆፈር ንግግሩን ከዓላማው ያርቀዋል።

በቃል መያዝና ማቅረብ ለጽሑፍ ተንታኝ አስቸጋሪ ናቸው፤ ስለ ነጋሪቱና ስለ አዋጅ ነጋሪው ከተባለው በላይ መጨመር ግምት ይሆናል። በጄኔቭ ግን የተመዘገበ ነገር አለ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሲያውኩ ንጉሠ ነገሥቱ ታግሠው ቆመው ጠበቁ፣ ከዚያም ንግግራቸውን ጀመሩ። ያ ዝምታ የኢቶስ ክፍል ነው።

ውጤቱንና ብቃቱን መፍረድ

ጥንታዊውን ዘዴ ለዘመናዊ ጥናት ካደራጁት አንዱ ኸርበርት ዊቸልንስ በ1925 እ.ኤ.አ. የንግግር ሂስ ዋና ጉዳይ ንግግሩ በተወሰነ አድማጭ ላይ ያመጣው ውጤት ነው ሲል ጽፏል። ኤድዊን ብላክ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ይህ አካሄድ ፈጣን ውጤትን አብዝቶ ይከተላል ብሎ ነቅፎታል። በእኛ ሁለት ንግግሮች ላይ ክርክሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። ክተቱ ከታወጀ በኋላ ሠራዊቱ ከተተ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል ሆነ፤ የጄኔቩ ንግግር ግን በተደረገ በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ጉባኤ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ ወሰነ። በውጤት ብቻ ከፈረድን አንዱ ፍጹም፣ ሌላው ከንቱ ሊባል ነው።

ይህ ፍርድ በሁለቱም በኩል ያነክሳል። ሰው የከተተው በአዋጁ ቃል ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የግብርና የሹመት ግዴታ፣ የባላባቱ ትእዛዝ፣ ቀርቶ የመቀጣት ፍርሃት፣ የምርኮ ተስፋም ነበሩ። ጄኔቭ ላይም ታላላቆቹ መንግሥታት ንግግሩ ሳይሰማ ውሳኔያቸውን ጨርሰው እንደ ነበር ካየን፣ የትኛውም ቃል አይመልሳቸውም ነበር ወደሚል ግምት እንደርሳለን። አርስቶትል የሐኪም ሥራ በሽተኛውን የግድ ማዳን ሳይሆን የሚቻለውን ያህል ማከም እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሥነ ንግግርም ሥራ የግድ ማሳመን ሳይሆን ማሳመኛ መንገዶቹን ማግኘት ነው ይላል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ የሆነው ውጤት በማስረጃ፣ የንግግሩ ብቃትም በነበሩት ምርጫዎች ልክ ተለይተው ይጻፉ።

ወደ ሕያው ንግግር ሲዞሩ

ዘዴው ለነገሥታት ንግግር ብቻ አይደለም። በቅሬ (በወሎ እንደሚጠራው የእድር) ስብሰባ ላይ መዋጮ እንዲጨመር የሚጠይቅ አባል፣ ደም ለማድረቅ የተቀመጠ አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ)፣ ወይም በምርጫ ሰሞን ቅስቀሳ የሚያደርግ ዕጩ ሁሉ ይመረመራሉ። ንግግሩን በተናጋሪው ፈቃድ ይቅዱና ቃል በቃል ይጻፉት፤ ሳሉን፣ ዝምታውን፣ የአድማጩን «አሚን» ሳይቀር። በአበጋር ንግግር ላይ ግን አንድ ማስተካከያ ያስፈልጋል። አርስቶትል ኢቶስ በንግግሩ ውስጥ ሊፈጠር ይገባዋል እንጂ ቀድሞ ከታወቀ ስም አይመጣም ሲል፣ ግሪካዊው የንግግር መምህር ኢሶቅራጥስ የተናጋሪው የኖረ ሕይወትና ስም ከቃሉ የበለጠ ያሳምናል ይላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት በሚቀመጡበት የወሎ ሽምግልና ውስጥ ኢሶቅራጥስ ይበልጥ የሚረታ ይመስለኛል፤ ሽማግሌው አፉን በምርቃት ሲከፍት ግማሹ ሥራ በስሙ ተሠርቷል። ስለዚህ ተንታኙ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ «ሙግቱ ቀጭን ነው» ከማለቱ በፊት ስለ ተናጋሪው ዘርና ኑሮ በአካባቢው መጠየቅ አለበት። የሚጠቅሳቸውን ምሳሌያዊ አነጋገሮችም ለብቻ ይመዝግብ፤ አርስቶትል አባባልን የኤንቲሚም ክፍል አድርጎ ያየዋል፣ በዕድሜና በልምድ ለበሰለ ሰው አፍም ይስማማል ይላል፤ የሽማግሌ ተረት ብዙውን ጊዜ ያልተነገረውን መነሻ የሚሸከመው እርሱ ነው።

ውጤቱን ለማወቅ የቅሬው ንግግር ከክተቱ ይልቅ ይመቻል፤ አድማጮቹ በሕይወት አሉና። ከስብሰባው ጥቂት ቀናት በኋላ ከተለያየ ዕድሜና ኑሮ የሆኑ አባላትን «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሳቸውንም ከተጻፈው ቃል ጎን ማስቀመጥ በቂ ነው። ሰዎቹ የደገሙት ሐረግ የትኛው እንደ ሆነ፣ ጨርሶ የረሱት ሙግትስ የትኛው እንደ ሆነ፣ መዋጮውን የከፈሉትና ያልከፈሉት በምን እንደሚለያዩ ከዚያ ይታያል።